የማሕተማ ጋንዲ ልብስ

ማሕተማ ጋንዲ ሲባል ለብዙዎቻችን በዓይነ ልቡናችን የሚመጣው ነጭ ሽርጥ የታጠቀ፥ መነጽር ያደረገና በትር የያዘ ቀጭን ሽማግሌ ነው። በአዲስ አበባ በስሙ የተሰየመ ሆስፒታል ስላለ ስሙ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ነገር ግን ይህ ሰው ያን ልብስ የለበሰው ሌላውን ስላላወቀ ወይም ስላጣ አልነበረም። ስለዚህ የሕይወቱን ታሪክ በልብሱ በኩል ለመናገር አስበናል። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሞሃንዳስ ከረምቻንድ ጋንዲ በ1869 ዓ.ም. በምዕራብ ህንድ በፖርባንዳር ከተማ ተወለደ። በ1888 ዓ.ም. ሕግ ለመማር ወደ ለንደን ሲሄድ 19 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። እዚያም እንግሊዞችን ለመምሰል ብዙ ደከመ። ቦንድ ስትሪት በሚባለው ስመ ጥር መንገድ በ10 ፓውንድ የማታ ልብስ አሰፋ፤ ረጅም ባርኔጣ ገዛ፤ በመስተዋት ፊት ቆሞም ክራባቱን ያስተካክል ነበር። ዳንስና ቫዮሊንም መማር ጀመረ። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ የመጣበትን ጉዳይ አስቦ ዳንሱንና ቫዮሊኑን ተወ፤ የአለባበሱን ጥንቃቄ ግን ለብዙ ዓመት አልተወም።

በ1893 ዓ.ም. ለጥብቅና ሥራ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። በደርባን ፍርድ ቤት ጥምጥም አድርጎ ቢገባ ዳኛው እንዲያወልቅ አዘዘው፤ እርሱም እምቢ ብሎ ወጣ። ጥቂት ቀናት ቆይቶም የአንደኛ ማዕረግ ቲኬት በእጁ ሳለ በፒተርማሪትስበርግ ጣቢያ ከባቡር አስወረዱት። የአውሮፓ ልብሱ ከውርደት አላዳነውም። በ1913 ዓ.ም. የህንድ ሠራተኞች ሥራ ባቆሙ ጊዜ ከመካከላቸው በጥይት የተገደሉ ነበሩና፥ ጋንዲ ራሱን ተላጭቶ የእነርሱን ዓይነት ልብስ ለበሰ።

በ1915 ዓ.ም. ወደ ህንድ ተመለሰ። በዚያን ጊዜ የህንድ ሕዝብ ከእንግሊዝ አገር፥ በተለይም ከላንካሺር ፋብሪካዎች የሚመጣውን ጨርቅ እየገዛ ይለብስ ስለ ነበር፥ ብዙ የአገሩ ፈታይና ሸማኔ ሥራ አጥቶ ነበር። ጋንዲም በእጅ ተፈትሎ በእጅ የሚሸመነውን ካዲ የተባለውን ጨርቅ ሕዝቡ እንዲለብስ መከረ፤ ራሱም ቻርካ በሚባለው መዘውር ይፈትል ነበር። በሐምሌ ወር 1921 ዓ.ም. በቦምቤ ከተማ የውጭ አገር ጨርቅ ተከምሮ ሲቃጠል እሳቱን የለኰሰው እርሱ ነው። ታላቁ ባለቅኔ ራቢንድራናት ታጎር ግን የሚለብሰው ያጣ ሰው ባለበት አገር ጨርቅ ማቃጠል እንደማይገባ ገልጦ ተቃወመው። ድኾችም ካዲ ለመግዛት ገንዘብ እንደሌላቸው ይናገሩ ነበር። ጋንዲ ይህን ከሰማ በኋላ በመስከረም ወር 1921 ዓ.ም. በማዱራይ ከተማ እጀ ጠባቡንና ቆቡን ትቶ እንደ ድኻ ገበሬ አጭር ሽርጥ ታጠቀ።

በ1931 ዓ.ም. ለጉባኤ ወደ ለንደን በሄደ ጊዜ ንጉሥ ጆርጅ 5ኛን በቤተ መንግሥታቸው የጐበኘው በዚሁ ሽርጥና ኩታ ነው። ፖለቲከኛው ቸርችል በዚያው ዓመት በአለባበሱ ተሳልቆበት ነበር። የላንካሺር የፋብሪካ ሠራተኞች ግን የህንድ ሕዝብ ጨርቃቸውን አልገዛም በማለቱ የተጐዱ ሆነው ሳለ በፍቅር ተቀበሉት።

ህንዳዊ ሁሉ ግን በልብስ ነገር ከእርሱ ጋር አልተስማማም። ዶክተር አምበድካር የማይነኩ ተብለው ከተናቁት ወገኖች የተወለደ ታላቅ የሕግ ሊቅ ነበር። በብዙ ሥፍራ ልማዱ እነዚህን ወገኖች መልካም ልብስ እንዳይለብሱ ይከለክል ስለ ነበር፥ እርሱ የአውሮፓ ሙሉ ልብስ ለብሶ በአደባባይ መታየቱ ለወገኖቹ የክብር ምልክት ሆነ።

ጋንዲ ጥር 30 ቀን 1948 ዓ.ም. በኒው ዴልሂ በጥይት ተገደለ። እኛ ተማሪዎች ከታሪኩ የተረዳነው ይህን ነው፤ አንዱ ሽርጥ፥ ሌላው ሙሉ ልብስ ቢመርጥም ሁለቱም ያሰቡት ለተናቀው ሰው ነበር። ስለዚህ የአባቶቹን ልብስ የለበሰውን ኋላ ቀር፥ ዘመናዊውን የለበሰውን አገሩን የጠላ ከማለታችን በፊት፥ ልብሱን ማን እንደ ሠራውና ለባሹም ለምን እንደ መረጠው እንጠይቅ።