ከጋፋት እስከ ሊባኖስ፤ የቴዎፊል ዋልድማየር የሕይወት ታሪክ

ከወረታ ተነሥቶ፣ የፎገራን ሜዳ ወደ ኋላ ትቶ፣ ሽቅብ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ መንገደኛ ከከተማው አጠገብ ጋፋት የምትባለውን ስፍራ ያገኛል። ሴባስቶፖል የተባለው የዐፄ ቴዎድሮስ ታላቅ መድፍ የተሠራው በጋፋት ሠራተኞች እጅ ነው። ከእነዚህ ሠራተኞች አንዱ ቴዎፊል ዋልድማየር ነበረ።

ዋልድማየር በ1832 በስዊስ አገር ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ የተቈጠረው እንደ ፈረንጆች ነው።) በባዝል ከተማ አጠገብ በሚገኘው በቅዱስ ክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ፣ የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ከጓደኞቹ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ላከው። የመጡትም በእጃቸው ሥራ እየኖሩ ወንጌልን ለማስተማር ነበር። ዋልድማየር በአገራችን ሳለ፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ታማኝ ወዳጅ የነበረውን የሊቀ መኳስ ዮሐንስ ቤልን ልጅ ሱዛንን አገባ። እናቷ ኢትዮጵያዊት ነበረች።

ንጉሠ ነገሥቱ ሠራተኞቹን በጋፋት አሰፈሯቸው። በዚያም ለአገሩ ወጣቶች የእጅ ጥበብ ያስተምሩ ጀመር። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን አገራቸውን አንድ ለማድረግና ለማስከበር መሣሪያ አጥብቀው ይፈልጉ ስለ ነበር፣ መድፍ እንዲሠሩላቸው አዘዙ። ሠራተኞቹ ይህን ጥበብ አናውቅም ቢሉም የንጉሥ ትእዛዝ አይመለስምና፣ እየሞከሩና እየተሳሳቱ ተማሩት። በመጨረሻም 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ሠሩ። በ1867 መድፉ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ጉዞ ሲጀምር፣ በብዙ መቶ የሚቈጠር ሰው እየጐተተው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ እያስጠረጉ፣ ስድስት ወር ያህል ፈጀ።

ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ድካም መቅደላን አላዳነም። ሚያዝያ 13 ቀን 1868፣ ማለት በእኛ አቈጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ለእንግሊዝ ጦር እጃቸውን አልሰጥም ብለው በገዛ እጃቸው ሞቱ። ዋልድማየርም ከሚስቱ ጋር ከአገራችን ወጣ።

የተቀመጠው በሊባኖስ ነው። በ1873 በብሩማና መንደር፣ በኋላ በኵዌከሮች ማኅበር የተረዳውን ትምህርት ቤት አቋቋመ። ሸምግሎም አላረፈም። በዚያን ጊዜ የአእምሮ ሕሙማን በሰንሰለት ይታሰሩ ስለ ነበር፣ አዘነላቸውና ገንዘብ እየለመነ ሆስፒታል አሠራ፤ ይህም በአስፉርያ በ1900 ተከፈተ። ዋልድማየር በ1915 ዐረፈ።

እንግዲህ አንድ እጅ መድፍንም ትምህርት ቤትንም ሠራ። መድፉ እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል፤ የብሩማና ትምህርት ቤት ግን ዛሬም ተማሪ ይቀበላል። የጋፋት ጥበብ ከንጉሡ ጋር የቀረው፣ ከአስተማሪ ወደ ተማሪ የሚተላለፍበት ቤት ስላልጸናለት ይመስለኛል። ዛሬ የትምህርት ቤታችንን በዓል የምናከብር እኛ ይህን ብንገነዘብ፣ የተማርነውን ለታናናሾቻችን ሳናስተምር አንቀርም።