ዳግማዊ ምኒልክና የመንግሥት ሕክምና አጀማመር

በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሕክምና ከቤተ መንግሥት ችሮታነት ወጥቶ የመንግሥት ሥራ እንዲሆን መሠረት ከጣሉት መሪዎች መካከል ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም በዛሬው ሰሜን ሸዋ ዞን አንጎለላ በተባለው ስፍራ ከአባታቸው ከኃይለ መለኮት ሣህለ ሥላሴና ከእናታቸው ከወይዘሮ እጅጋየሁ ተወለዱ።

አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በሸዋ ነግሠው በነበረበት በ1833 ዓ.ም በካፒቴን ሃሪስ የተመራ የእንግሊዝ ልዑክ አንኮበር ሲገባ ሐኪም ይዞ እንደነበር ይታወቃል። ይሁንና ያ ሕክምና ከእንግዳው ጋር የመጣና ከእንግዳው ጋር የሚሄድ ነበር። በእነዋሪና በአካባቢዋ፣ በሞረትና በጅሩ የሚኖረው ሕዝብ ሲታመም ተስፋው ጠበል፣ ወጌሻና የባህል መድኃኒት አዋቂ ነበሩ።

ምኒልክ በ1848 ዓ.ም አባታቸው ሲያርፉ በአፄ ቴዎድሮስ ተወስደው አሥር ዓመት ገደማ በመቅደላ ቆይተዋል። በ1857 ዓ.ም አምልጠው ወደ ሸዋ በመመለስ የአባታቸውን ዙፋን ያዙ፤ በ1882 ዓ.ም ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ ጫኑ። ጊዜው ክፉ ቀን ተብሎ የሚታወሰው ወቅት ነበር። የከብት እልቂት ያስከተለው ረሃብና ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ሲፈጅ አገሪቱ የራሷ የሆነ አንድም ሆስፒታል አልነበራትም።

ከዓድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም የሩሲያ ቀይ መስቀል ልዑክ ቁስለኞችን ለማከም አዲስ አበባ ገብቶ ሐኪም ቤት አቋቋመ። ይህ ሐኪም ቤት ከአሥር ዓመት ገደማ አገልግሎት በኋላ ሲዘጋ ንጉሠ ነገሥቱ ሕክምናው በእንግዳ ፈቃድ ላይ እንዳይንጠለጠል በማሰብ በስፍራው የመንግሥት ሆስፒታል እንዲሠራ አደረጉ። በ1902 ዓ.ም ሥራ የጀመረውና በስማቸው የተሰየመው ይኸው ሆስፒታል በአገሪቱ መንግሥት የተቋቋመ የመጀመሪያው ሆስፒታል ነው። የጓድሉፕ ተወላጁ የንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም ዶክተር ቪታሊየንም በኃላፊነት መርተውታል።

ሆስፒታሉ ሲከፈት መሥራቹ ራሳቸው በጽኑ ደዌ ተይዘው ነበር። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ካቋቋሟቸው ዘጠኝ ሚኒስቴሮች መካከል ለጤና የተመደበ አልነበረም። አንዱ ሆስፒታልም የቆመው በርዕሰ ከተማው ነው። ከእነዋሪ ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ በሽተኛው በበቅሎ ወይም በቃሬዛ የቀናት መንገድ መጓዝ ነበረበት። በመሆኑም ተቋም መመሥረት አንድ ነገር፣ አገልግሎቱን ለዜጋው ሁሉ ማዳረስ ደግሞ ሌላ ነገር መሆኑ በግልጽ ታይቷል።

ሁለተኛው ሥራ ረጅም ዘመን ጠይቋል። የሕዝብ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የተቋቋመው በ1940 ዓ.ም ሲሆን፣ ለገጠሩ የጤና ባለሙያ የሚያሠለጥነው የጎንደር ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም ተከፍቷል። በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሠራተኞችን ለመመደብ ያለመ ነበር። በ2003 ዓ.ም ደግሞ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ።

ከዳግማዊ ምኒልክ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት የመንግሥት ሕክምና የሚመዘነው በርዕሰ ከተማው በቆመው ሕንፃ ብቻ ሳይሆን እንደ እነዋሪ ካለ ስፍራ የሚነሣው በሽተኛ በሚጓዘው መንገድ ርዝመት ጭምር መሆኑ ነው።