ከእንቁላል የተገኘ ክትባት፦ የማክስ ታይለር የሕይወት ታሪክ

በዚህ የበዓል እትማችን የምናስተዋውቃችሁ ጫጩት ከጀመረ እንቁላል ሚሊዮኖችን ያዳነ ክትባት ያስገኙትን ተመራማሪ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማክስ ታይለር በ1899 በደቡብ አፍሪካ፣ ፕሪቶሪያ ተወለዱ። አባታቸው አርኖልድ ታይለር ከስዊዘርላንድ የመጡ የእንስሳት ሐኪም ሲሆኑ፣ ከብት የሚፈጀውን የደስታ በሽታ ለመግታት ብዙ የደከሙ ሰው ነበሩ። ልጃቸው በኬፕታውንና በለንደን የሰው ሕክምና አጥንተው በ1922 ወደ አሜሪካ ሄዱ።

በዚያን ጊዜ ትንኝ የምታስተላልፈው ቢጫ ወባ በአፍሪካና በደቡብ አሜሪካ ሕዝብ ይፈጅ ነበር። በሽታውን ይመረምሩ ከነበሩት ሐኪሞች መካከልም የሞቱ ነበሩ። ታይለርም በ1929 ተይዘው ዳኑ። በ1930 ኒውዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ፋውንዴሽን ቤተ ሙከራ ሥራ ጀመሩ።

በ1931 አሜሪካውያኑ ኧርነስት ጉድፓስቸርና አሊስ ውድረፍ የዶሮ ፈንጣጣ ቫይረስ ፅንስ በያዘ እንቁላል ውስጥ እንደሚራባ አሳይተው ነበር። ታይለርና ባልደረቦቻቸው ደግሞ በ1927 በዛሬዋ ጋና ከአንድ ታማሚ የተወሰደውን የቢጫ ወባ ቫይረስ አንጎሉና ሕብለ ሰረሰሩ በወጣለት የጫጩት ፅንስ ሥጋ ላይ ደጋግመው አራቡት። ከመቶ ጊዜ በላይ ከተላለፈ በኋላ ቫይረሱ የመግደል ኃይሉን አጣ፤ ሰውነት እንዲከላከል የማድረግ ብቃቱ ግን አልጠፋም። 17ዲ የተባለው ይህ ክትባት በ1937 ይፋ ሆነ። ለብዙ ሕዝብ ለማምረት ቫይረሱ ፅንስ ባለው እንቁላል ውስጥ በመርፌ ይገባል፤ እንቁላሉ በሙቀት ጥቂት ቀን ይቆይና ፅንሱ ተፈጭቶ፣ ተጣርቶና ደርቆ ክትባት ይሆናል። ታይለር በ1951 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ በ1972 አረፉ።

ታሪካቸው አገራችንንም ይነካል። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የገባው ቢጫ ወባ ወደ 30,000 የሚገመት ሕዝብ ፈጅቷል። ክትባቱ ከተገኘ ያን ጊዜ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ ሕዝቡ ግን አልተከተበም ነበር።

ውድ አባላት፣ ዶሮዎቻችንን ከፈንግል የሚጠብቀው ክትባትም የሚመረተው በእንቁላል ነው። ክትባት ተሠርቶ መቀመጡ ብቻውን ማንንም አያድንም፤ ገበሬው ደጅ በወቅቱ መድረስ አለበት። ይህ ደግሞ ተደራጅተን በጋራ የምንሠራው ሥራ ነው።