መንግሥቱ ለማ፤ እያሳቁ ያስተማሩ ጸሐፌ ተውኔት

የተማረ ሰው በሌላው ላይ መሳቅ አይቸግረውም፤ የሚቸግረው በራሱ ላይ መሳቅ ነው። ገጣሚና ጸሐፌ ተውኔት መንግሥቱ ለማ ይህን ከባድ ትምህርት ለሀገራችን ምሁራን በመድረክ ላይ ያስተማሩ ሰው ነበሩ።

የተወለዱት በ1916 ዓ.ም. በሐረር ነው። አባታቸው አለቃ ለማ ኃይሉ ከላስታ የተገኙ የቤተ ክህነት ሊቅ ስለ ነበሩ፣ መንግሥቱ የቅኔውን ምሥጢርና የሰምና ወርቁን ጨዋታ በልጅነታቸው ሲሰሙ አደጉ። ከቤተ ክህነት ትምህርት በኋላ በኮተቤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ተከታትለው፣ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ለንደን ተሻገሩ።

በለንደን መድረክ ያን ጊዜ ስሙ የገነነው ደራሲ፣ ደብሊን ተወልዶ በእንግሊዝ የኖረውና በ1943 ዓ.ም. ያረፈው ጆርጅ በርናርድ ሾው ነበር። ሾው ተመልካቹን እያሳቀ የገዛ ኑሮውን እንዲመረምር ያስገድደዋል። መንግሥቱ ይህን ብልሃት ወደዱት፤ ሆኖም እንዳለ አልገለበጡትም። ከአባታቸው ቅኔ ጋር አዛመዱት እንጂ። ሳቁ ሰም፣ ወቀሳው ወርቅ ሆነ።

ወደ ሀገራቸው ተመልሰው በመንግሥት ሥራ፣ ኋላም ህንድ አገር በዲፕሎማትነት አገልግለዋል። «ጠልፎ በኪሴ» በተባለው ተውኔታቸው የከተማ ምሁራን የጥንቱን የጠለፋ ልማድ ሲሞክሩ እናያለን። በ«ያላቻ ጋብቻ» ደግሞ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ የባላባት ልጅ ገጠር ገብቶ ያስተምራል፤ ገረዱን ለማግባት ሲነሣም ከዘመዶቹ የዘር ኩራት ጋር ይፋጠጣል። በሁለቱም መሳቂያው ያልተማረው ባላገር አይደለም። እኩልነትን በአንደበቱ እየሰበከ በኑሮው የሚያመነታው ዘመናዊ ሰው ነው እንጂ።

መንግሥቱ ግን ዘመናዊነትን ሲተቹ ጥንቱን አላመለኩም፤ ጥንቱን ሲያከብሩም አዲሱን አልጠሉም። የአባታቸውን ትዝታ ከአንደበታቸው ቀድተው በ1959 ዓ.ም. በመጽሐፍ ያሳተሙት፣ የእንግሊዙን የፕሪስትሊን ተውኔት ደግሞ «ጠያቂ» ብለው ወደ አማርኛ ያዛመዱት እኚሁ ሰው ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴአትር አስተምረው ብዙ ደቀ መዛሙርት አፍርተዋል። በ1980 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ቀልድ ቶሎ ያረጃል ይባላል። የእሳቸው ቀልድ ያላረጀው፣ የተቹት ሰው ገና በመካከላችን ስላለ ነው። ዲፕሎማውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ በሠርጉ፣ በሥራ ቅጥሩና በወዳጅነቱ ዘር የሚቈጥር ባለሙያ ሁሉ በመንግሥቱ ተውኔት ውስጥ ራሱን ያገኘዋል። አዳራሹ በሳቅ ሲሞላ አብሮ ይስቅ ይሆናል፤ ቤቱ ሲገባ ግን የሳቀው በማን ላይ እንደ ነበረ ራሱን መጠየቁ አይቀርም።