አንቷን ዳባዲ፤ የተራራን ከፍታ በፈላ ውሃ የለካ

አንቷን ዳባዲ በአገራችን የሚታወቀው በአማርኛ መዝገበ ቃላቱና በሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍት ነው፤ የመሬት ቀያሽ እንደ ነበረ የሚያስታውሱት ግን ጥቂቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በጥር 3 ቀን 1810 ከባስክ ተወላጅ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት በደብሊን ተወለደ፤ ያደገው በፈረንሳይ ነው። በ1838 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ምጽዋ ደረሰ፤ እስከ 1848 ድረስም ከሰሜን ተራሮች እስከ እናርያና ከፋ እየተዘዋወረ አገሩን ለካ።

አቅጣጫን በቴዎዶላይት ሲቀይስ፣ ከፍታን ለማወቅ ውሃ ያፈላ ነበር። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳልና ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። በባሕር ጠረፍ 100 ዲግሪ የሆነው ወሰን፣ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በኮምቦልቻ ወደ 94፣ በ2,500 ሜትር ገደማ ላይ በተቀመጠችው በደሴ ወደ 92 ዲግሪ ይወርዳል። እንግዲህ የሐረጎ ዳገት በሙሉ በቴርሞሜትር ላይ ሁለት ዲግሪ ብቻ ነው፤ የአንድ ዲግሪ ስሕተት 300 ሜትር ያህል ያሳስታል።

ውሃም ራሱ ያታልላል። አየሩ የወጣለት ንጹሕ ውሃ በለስላሳ ዕቃ ውስጥ በጸጥታ ሲሞቅ፣ አረፋ የሚጀምርበት ስፍራ ስለሚያጣ ወሰኑን አልፎ ፈሳሽ እንደ ሆነ ይቆያል። ይህ ሁኔታ ጽኑ አይደለም፤ ጥቂት ቢነካ በድንገት ይገነፍላል፤ ሙቀቱም ወደ ወሰኑ ይመለሳል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ ውሃው ውስጥ ከተነከረ ሙቀቱን አብዝቶ ሊያሳይ ይችላል፤ ተራራውም ከእውነተኛ ከፍታው ዝቅ ብሎ ይመዘገባል። የሙያው ደንብ መሣሪያው ከውሃው በላይ ባለው እንፋሎት ውስጥ እንዲንጠለጠል የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው፤ የእንፋሎቱ ሙቀት በስፍራው ግፊት ይወሰናልና።

ዳባዲ የልኬቱን ውጤት ከ1860 እስከ 1873 ባሳተመው የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ መጽሐፉ አቀረበ። ሆኖም ጥንቁቅ ለኪም ይስታል። ጊቤ የነጭ አባይ ምንጭ ነው ብሎ አጥብቆ ተከራከረ፤ ጊቤ ግን ወደ ኦሞ፣ ኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ ይፈሳል። ስሕተቱ የመጣው ከመሣሪያው ሳይሆን፣ ወንዙን እስከ መጨረሻው ሳይከተሉ ከመደምደም ነው።

በ1867 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አባል፣ በ1892 ፕሬዚዳንቱ ሆነ። መጋቢት 19 ቀን 1897 በፓሪስ አረፈ፤ በሄንዳይ ያሠራውንና በአማርኛ ጽሑፎች ያስጌጠውን ግንብም ለአካዳሚው አወረሰ።