ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የጣሊያን ሲኒማ ልደት፦ ከ1888 እስከ 1906 ዓ.ም.

የጣሊያን ሲኒማ ታሪክ ሲነሣ ሮም፣ ቶሪኖና ሚላኖ በቅድሚያ ይጠቀሳሉ፤ አዲስ አበባ ግን እምብዛም አትታወስም። ይሁን እንጂ የዚያ ጥበብ የመጀመሪያ ዘመን ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ የመጨረሻ ሃያ ዓመታት ጋር የተገጣጠመ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የንጉሠ ነገሥቱን ሕይወት ከዚህ አንፃር ይቃኛል። ዓመታቱ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ምኒልክ በነሐሴ 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ ገብተው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ አምልጠው የሸዋን ዙፋን ያዙ፤ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። አስቀድሞ በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛና በጣሊያንኛ የተለያየ ትርጉም ይዞ በመገኘቱ የሁለቱ መንግሥታት ግንኙነት ሻከረ፤ ነገሩም ወደ ጦርነት አመራ።

በ1888 ዓ.ም. ሦስት ነገሮች ተከታትለው ሆኑ። በኅዳር ወር ፊሎቴዮ አልቤሪኒ የተባለ ጣሊያናዊ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለሚያነሣና ለሚያሳይ መሣሪያው የፈጠራ መብት ጠየቀ። በታኅሣሥ ወር የሉሚዬር ወንድማማቾች በፓሪስ ፊልሞቻቸውን ገንዘብ ከፍሎ ለገባ ተመልካች አሳዩ። የካቲት 23 ቀን ደግሞ የጣሊያን ጦር በአድዋ ድል ሆነ። ስለዚህ የጣሊያን ሲኒማ የተወለደው ሀገሪቱ በአድዋ ሽንፈት በታወከችበት ዓመት ነው ማለት ይቻላል።

ሰላም በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተፈረመ በኋላ ፌዴሪኮ ቺኮዲኮላ የጣሊያን መንግሥት መልእክተኛ ሆኖ መጣ። አንድ ፈረንሳዊ ወደ ከተማዋ ያስገባውን የፊልም ማሳያ ገዝቶ ለምኒልክ በስጦታ ያበረከተው እርሱ እንደሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ያወሳሉ። በጦርነት ያልተገኘውን ተሰሚነት በስጦታ ለማግኘት የተደረገ ጥረት አድርጎ ማየት ይቻላል። ምኒልክ ግን መሣሪያን ከሰጪው ፖለቲካ ለይተው መቀበልን ያውቁበት ነበር፤ የባቡር ሐዲዱን ሥራ ለፈረንሳይ ኩባንያ ሲፈቅዱ፣ የአቢሲንያ ባንክ በእንግሊዞች ተሳትፎ ሲቋቋም፣ ስልክና አውቶሞቢል ሲገቡ የታየው ይኸው አካሄድ ነው። ተንቀሳቃሽ ሥዕል ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ወደ ከተማው ሲደርስ ግን ሕዝቡ በጥርጣሬ ተመለከተው፤ ማሳያውንም ሰይጣን ቤት ብሎ ጠራው።

በዚያው ዘመን የጣሊያን ፊልም ወደ ኢንዱስትሪነት አደገ። አልቤሪኒ በ1898 ዓ.ም. መባቻ የሮምን መያዝ የሚተርክ ፊልም አሳየ፤ ለመጀመሪያው ታላቅ ታሪካዊ ፊልም የተመረጠው ርእስ የ1863 ዓ.ም. ድል መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። በ1904 ዓ.ም. ሉካ ኮሜሪዮ የሊቢያን ወረራ በካሜራ ተከተለ። በሕመም ለዓመታት ከሥራ ርቀው የቆዩት ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። አራት ወር ያህል ቆይቶ፣ በዚያው ዓመት፣ ጆቫኒ ፓስትሮኔ ሮም ካርታጎን ድል ስታደርግ የሚያሳየውን ካቢሪያን በቶሪኖ ለሕዝብ አቀረበ።

በ1928 ዓ.ም. ወራሪው ጦር ሲመጣ የሉቼ ተቋም የፊልም አንሺዎች አብረውት ነበሩ። ለምኒልክ በስጦታ የቀረበው ጥበብ በልጅ ልጆቻቸው ዘመን የጦር መሣሪያ ሆኖ ተመለሰ። የዚያን ዘመን የኢትዮጵያን ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚያጠና ተመራማሪ ዛሬም አብዛኛውን ምስል የሚያገኘው በወራሪው ዓይን ተቀርጾ፣ በሮም መዝገብ ቤት ተቀምጦ ነው። በመሆኑም ምስሉን ከማየት አስቀድሞ ማን፣ ለማን፣ ለምን እንዳነሣው መጠየቅ ግድ ይላል፤ የውጫሌን ውል በሁለቱም ቋንቋዎች አስተያይቶ ማንበብ ግድ እንደነበረ ሁሉ።