የነዳጅን ዋጋ ያስከበረው ሰው፤ ሁዋን ፓብሎ ፔሬዝ አልፎንሶ

ነዳጅ በጨመረ ቁጥር የመኪናው ታሪፍ፣ ላምባውና እህሉ አብሮ ይወጣል። ታዲያ ይህን ዋጋ የሚቆርጠው ማነው? ለዚህ መልስ ይሆነናል ብለን የአንድ ቬኔዝዌላዊ ሕይወት መርጠናል። ዓመታቱ፣ ዓ.ም. ካላልን በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፔሬዝ አልፎንሶ በ1903 ካራካስ ውስጥ ተወለደ። የተማረው ሕግ ነው። በዚያን ዘመን የአገሩን ነዳጅ ቆፍረው የሚያወጡትም፣ ዋጋውን የሚወስኑትም የውጭ ኩባንያዎች ነበሩ። በ1945 የልማት ሚኒስትር ሲሆን ይህን ለመለወጥ ተነሳ። በ1948 ከትርፉ ቢያንስ ግማሹ ለመንግሥት እንዲገባ በሕግ ተደነገገ። ይኸው የግማሽ በግማሽ ደንብ በ1950 ሳዑዲ ዓረቢያ ደረሰ።

ነገር ግን በዚያው በ1948 መጨረሻ ወታደሮች መንግሥቱን ገለበጡ። ፔሬዝ አልፎንሶ ታሰረ፤ ኋላም ተሰደደ። ዋሽንግተን ተቀምጦ የቴክሳስን የባቡር ሐዲድ ኮሚሽን አሠራር አጠና። ስሙ የባቡር ይሁን እንጂ የቴክሳስ ጉድጓዶች ምን ያህል በርሜል እንደሚያወጡ የሚወስነው ይህ ኮሚሽን ነበር። ምክንያት ነበረው፤ በ1930 በምሥራቅ ቴክሳስ ብዙ ዘይት ተገኝቶ ሁሉም እየተሽቀዳደመ ሲቀዳ፣ በ1931 የአንድ በርሜል ዋጋ እስከ 10 የአሜሪካ ሳንቲም ወርዶ ነበር። እህል በአዝመራ ጊዜ ረክሶ በክረምት እንደሚወደደው ማለት ነው። ፔሬዝ አልፎንሶ ከዚህ የተማረው፣ ገበያ የሚወጣውን መጠን የያዘ ዋጋውንም እንደሚይዝ ነው።

በ1958 አምባገነኑ መንግሥት ሲወድቅ አገሩ ገባ፤ በ1959 የማዕድንና የነዳጅ ሚኒስትር ሆነ። በዚያው ዓመት ካይሮ ላይ፣ እንደሱው የቴክሳስን አሠራር ከሚያውቀው ከሳዑዲው አብዱላህ ታሪኪ ጋር በምስጢር መከረ። በነሐሴ 1960 አንድ ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ ባለአገሮቹን ሳያማክር ከአንድ በርሜል ላይ እስከ 14 ሳንቲም ቀነሰ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ባለዘይቶቹ ተቆጡ። ወር ገደማ ቆይተው ኢራቅ፣ ኢራን፣ ኩዌት፣ ሳዑዲ ዓረቢያና ቬኔዝዌላ ባግዳድ ተሰብስበው ኦፔክን መሠረቱ።

ሆኖም ሰውየው የፈለገው ኮታ ወዲያው አልመጣም። እያንዳንዱ አገር ብዙ ልሽጥ እያለ አስቸገረ። እሱም በ1963 ሥልጣኑን ለቀቀ። በ1973 ጦርነትና ማዕቀብ ተደራርበው 3 ዶላር ገደማ የነበረው የበርሜል ዋጋ በጥር 1974 ከ11 ዶላር በላይ ሆነ። ይህ ነገር እኛም ቤት ገባ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ቤንዚን በመጨመሩ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም በራሳቸው ጥያቄ አድማ መቱ። ሰባት ወር ሳይሞላ፣ ሌላው ብሶት ሁሉ ተጨምሮበት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

ገንዘብ እንደ ጎርፍ ሲገባ ፔሬዝ አልፎንሶ አልተደሰተም። አገሩ እየሠራች ሳይሆን እየሸመተች፣ እያባከነች መሆኗን አየ። እቤቱ ግቢ ውስጥ አንድ የዛገች መኪና ነበረችው። ከስደት ሲመለስ ያስመጣት ናት። ከወደብ ወደ ካራካስ ስትነዳ፣ የሞተር ዘይት እንደሌላት ያየላት ስላልነበረ ሞተሯ ተቃጠለ። አላስጠገናትም፤ ግድየለሽነትና ብክነት ምን እንደሚያመጡ ማሳያ አድርጎ አስቀመጣት።

በ1979 ሞተ። ኦፔክ የመጀመሪያውን ኮታ ያወጣው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1982 ነው። አባሎቹ ከኮታቸው በላይ እየቀዱ ሲቸገር ቆይቶ በ1986 ዋጋው ከግማሽ በታች ወደቀ። የሰውየው ትምህርት እውነት መሆኑ ያን ጊዜም ታየ።

እንግዲህ እኛ እጩ መምህራን ከዚህ ሕይወት ሁለት ነገር እንይዛለን። አንደኛ፣ ዋጋ ከሰማይ አይወርድም፤ ሰዎች በመጠን፣ በስምምነትና በሽኩቻ የሚሠሩት ነገር ነው። ሁለተኛ፣ ጥሩ ዋጋ ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ያገኙትን አለማባከን ግን ሌላ። ነገ ተማሪዎቻችን ነዳጅ ለምን ተወደደ ብለው ሲጠይቁን፣ ቡናችንንና ቆዳችንንም እያነሳን እናስረዳቸው።